የአደባባዩ አየር

በማርስ ላይ ባለችው በጥቁር ሸለቆ ከተማ ሰው ከአልጋው ሲነሳ መጀመሪያ የሚያጠልቀው ልኬውን ነው። ልኬ ከከተማዋ ገዥ ግንብ የሚመጣውን አየር እየለካ የሚያቀብል ጭምብል ነው። ሌላ አየር ማምረት በሕግ ክልክል ነበር።

መሐንዲሷ ስንዱ ግን ልኬዋን ካወለቀች ሰነባብታለች። እሷና ጎረቤቶቿ አልጌ የሚባለውን አየር ሰጪ አረንጓዴ የውሃ ተክል በመስታወት ማሰሮ አራብተው፣ ከማሰሮው በቱቦ እየተነፈሱ በጠራራ ፀሐይ አደባባይ ይቀመጣሉ። ዘበኞች እየመጡ ማሰሮ ይሰብራሉ፤ ሰው ያስራሉ። የቀሩት ከተረፈው አልጌ ተካፍለው በማግስቱ እዚያው ይገኛሉ። ድንጋይ ያነሳ ግን አልነበረም።

አንድ ቀን የዘበኞቹ አለቃ ሮዳን ዱላውን ሳይዝ እየሮጠ መጣ።

«የግንቡ አልጌ ታሞ ሞተ» አለ እያለከለከ። «ገዥዋም፣ ልጆቻችንም እየታፈኑ ነው።»

«ይታፈኑ!» አለ ጫንያለው። ወንድሙ ማሰሮ ይዘሃል ተብሎ ታስሯል። «እኛን ሲያፍኑን አልነበር?»

ስንዱ ማሰሮዋን አቅፋ ተነሳች። «ጫንያለው፣ እኔ የተጣላሁት ከሕጋቸው ነው፤ ከሳንባቸው ጋር ጠብ የለኝም።»

ሌሎቹም ማሰሮዎቻቸውን እያነሱ ተከተሏት። ጫንያለው ብቻውን ቀረ።

በግንቡ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ያለው ውሃ እንደ ጭቃ ደፍርሷል። ስንዱ የሞተውን አስጠርጋ፣ ውሃውን አስለውጣ የሕዝቡን አልጌ ጨመረችበት። ውሃው ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሆነ፤ የሚያስሉትም ፋታ አገኙ።

ገዥዋ ኢልቫ ግድግዳ ተደግፋ ስታይ ቆይታ፣ «የእኛ ሞቶ የእናንተ እንዴት ተረፈ?» አለች።

«የእርስዎ ተዘግቶበት፣ ከሌላ ሳይዳቀል ኖረ። የእኛን ግን ዘበኞች ማሰሮውን ሲሰብሩበት፣ እኛም ከቤት ቤት ስንካፈለው በሽታውን ሁሉ ለመደው።»

ገዥዋ አንገቷን ደፋች። «ውለታሽ ከባድ ነው። ለሰፈርሽ ፈቃድ እሰጣለሁ።»

«ውለታ አይደለም፤ ነፍስ ሲጠፋ ዝም ብሎ ማየት ነውር ስለሆነ ነው የመጣነው። ሕጉ ግን ትክክል አይደለም። ነገም አደባባይ እንቀመጣለን።»

«ዘበኞቼን ብልክስ?»

«ያስሩናል። እንደ ዛሬው ቢጨንቃችሁ ደግሞ ከእስር ቤትም ቢሆን ጥሩን፤ እንመጣለን።»

ስንዱ ቀልሏት ወደ ቤቷ ሄደች፤ ያን ሌሊት እንቅልፏም ጣፋጭ ነበር።

ሕጉ በአንድ ጀንበር አልተሻረም። ዱላ የሚያነሳ ዘበኛ ግን ጠፋ፤ ታዘው የመጡትም ማሰሮዎቹን አይተው ዝም ብለው ይመለሱ ጀመር። በመጨረሻ ሮዳን ራሱ አደባባዩ መሀል ቆሞ ልኬውን አወለቀ።

«ሕጉ ተሽሯል» አለ። «የታሰሩትም እየወጡ ነው።»

ሰው በደስታ ሲተቃቀፍ እሱ ግን አልሄደም። እንደ ማፈር ብሎ ወደ ጫንያለው ጠጋ አለ።

«እኔም ለልጆቼ ማራባት ፈልጌ ነበር። ታሳየኛለህ?»

ጫንያለው ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«ተቀመጥ» አለው። «በመጀመሪያ ግን እጅህን ታጠብ።»