ፈራጁ ቤቱ ውስጥ ይቀመጥ

ሐይቁ ላይ ያለው ተንሳፋፊ ሰፈር ሌሊቱን ሁለት ክንድ ያህል ወደ ምሥራቅ ተንሸራትቶ አድሯል፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ጉድ የተባለው የብይን መቆም ነው። ብይን የሚሏት ሕግ አንብባ የምትፈርደዋን ማሽን ነው።

የቆመችው የወይዘሮ ትብለጥ ቤት ከሐይቁ ተጎትቶ ይውጣ በሚለው ክስ ላይ ነበር። የጥገና ባለሙያው ሚልኪያስ የቆመችበትን አንቀጽ ቢያዘልላት ፍርዱ ወዲያው ይወጣል፤ ሴትዮዋም ቤታቸውን ያጣሉ። አለቃው «አዝልላት!» ብሎታል። አለቃ ምን አለበት! ሚልኪያስ ግን እጁ አልታዘዝ አለው። ሕጉን ያረቀቀው የክፍለ ሀገሩ የሕግ ማሻሻያ ጉባኤ ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በሕይወት ያሉት ጸሐፊዋ እትዬ የሺመቤት ብቻ ስለሆኑ ደወለላቸው።

«የቱ ላይ ቆመች? እስቲ አንብብልኝ።»

«"ሰው ከቤቱ ይነሣ ከመባሉ በፊት ፈራጁ እዚያው ቤት ተቀምጦ ይስማ" የሚለው ላይ።»

«ውይ! የነጭ ሽንኩርት ሻጯ አንቀጽ!» አሉ በናፍቆት። «ረቂቁን ሁሉ ቅዳሜ ገበያ ወስደን፣ የተዋስነው አግዳሚ ላይ ተደርድረን እናነብ ነበር። የሰማው ሰው በራሱ አፍ መልሶ ካልነገረን አይጸድቅም። ያን ቀን አንዷ ነጭ ሽንኩርት ሻጭ ተነሥታ "ቤቴን የሚያስለቅቀኝ ሰውዬ መጀመሪያ ገብቶ ይቀመጣ!" አለች። ገበያው በሳቅ አውካካ፤ ሊቀ መንበራችን ግን ጻፈው። ምን ዓይነት ጊዜ ነበር፣ ልጄ!»

«ታዲያ ከብይን በፊት የነበሩት ዳኞች ይቀመጡ ነበር?»

«አንድም ቀን! ሁሉም ዘለሉት።»

ሚልኪያስ ያኔ ገባው። ብይን አልተበላሸችም፤ የምትቀመጥበት መንገድ አጥታ ነው የቆመችው። የምታይበትንና የምትሰማበትን ትንሽ መሣሪያ ይዞ በጀልባ ሄደ።

ወይዘሮ ትብለጥ በርጩማ እየጠረጉ «ልታስነሡኝ ነው የመጣችሁት? ለማንኛውም ቁጭ በል» አሉት።

መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከወለሉ ሥር ገመድ ሲጢጥ ሲል ሰማ።

«የጎረቤቶቼ ነው» አሉ። «መልህቄ ጠንካራ ስለሆነ ዘጠኝ ቤት ከኔ ታስሯል። እኔን ስትጎትቱ እነሱም ይሄዳሉ።»

መዝገቡ ውስጥ ይህ የለም። ብይን ይህን ሰምታ «ቤቱ ባለበት ይቆይ» አለች።

ሚልኪያስ መልሶ ሲደውል እትዬ የሺመቤት አለቀሱ። «ለሰው የጻፍነውን ማሽን አከበረችልን!»

ስልኩን ዘግቶ ወደ ደጅ ወጣና በየገመዱ ላይ የተንጠለጠለውን የቤት ቁጥር አየ። አራተኛው ገመድ ላይ ያለው የራሱ ቤት ቁጥር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት ታስሮ ኖሯል፤ ገብቶ ሲቀመጥ ግን ዛሬ የመጀመሪያው ነው።