አሥራ አንዱ ሹል ጫፎች

ወርቅእጅ የተገኘችው ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ወለል ላይ ተዘርግታ ነው። ከኋላ ራስ ቅሏን የመታት የብረት ካውያ አጠገቧ ወድቋል። ከመኪናው ላይ ክሩ ያልተበጠሰ ረጅም ጥብጣብ ተንጠልጥሏል፤ ሰማያዊ ሦስት ማዕዘኖች በነጫጭ ትንንሾች ታጅበው አንዱ ባንዱ ላይ ተሰፍተዋል። የአልጋ ልብስ ሊሆን ነበር።

ወስፌ የሚሉት መርማሪ የጀመረውን ሻይ ጥሎ መጣ። ይህ ሰው እንዲህ በቀላሉ የሚታይ ሰው አይደለም። አንድ ጊዜ ከኮት የተነቀለ ቁልፍ አይቶ የሌባውን የጫማ ቁጥርና የሚስቱን ጠባይ ተናግሯል፤ ያልሰማ ካለ የከተማው ሰው አይደለም። አባቱ ልብስ ሰፊ ስለነበሩ ገና መራመድ ሳይጀምር በጠመመ ስፌት ተኮርኩሟል።

ፖሊሱ የሟቿን ምራት ጥግ ላይ አስቀምጧታል። የዘጠኝ ወር ልጇ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ከታሰረች የሚረከበው ሰው የለም፤ አባቱ ከሞተ አራት ወሩ ነው።

«ስንት ሰዓት ገባሽ?» አላት ወስፌ።

«አሥር ተኩል። ልብስ ማጠቢያው አሥር ሰዓት ነው የሚለቀን። ልጁን ከጎረቤት ተቀብዬ ገባሁ፣ ወድቃ አገኘኋት።»

«ትዋደዱ ነበር?»

«አንዋደድም። የማፈላው ውሃ ሳይቀር ጣዕም የለውም ትለኝ ነበር።»

«ስፌት ትችያለሽ?»

«ቁልፍ እንኳ መትከል አልችልም። ለእሱም ተሰድቤበታለሁ።»

ከደጃፉ ተቀምጦ የሚውለው ጫማ ሰፊ ወስፌ ሲጠይቀው መዶሻውን ሳያስቀምጥ መለሰ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ያ መኪና ጆሮዬን በልቶታል፣ ጌታዬ። ዛሬ ዝም ያለው ልክ አሥር ሰዓት ነው። የወርቅእጅ ታናሽ እህት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰላም ብላኝ ወጥታለች። ከዚያ በኋላ በዚህ በር የገባች ምራቲቱ ብቻ ናት።»

«የጓሮ በርስ?»

«አለ። ቁልፉ ያለው ግን ከቤተሰቡ ጋር ነው።»

ታናሽ እህት ነጠላ መስመር የመሰለች ቀጭን ሴት ነበረች። «አሥር ሰዓት እንዳለፈ ክር ቤት ገባሁ፤ እስክትጠሩኝ እዚያው ነበርኩ። ባለ ሱቁን ጠይቁት።» ባለ ሱቁም አዎ አለ።

«ነገሩ አልቋል» አለ ፖሊሱ። «እስከ አሥር ስትሰፋ ተሰምታለች። አሥር ተኩል ላይ ምራቲቱ ገባች። የምንጠብቀው ምንድን ነው?»

ወስፌ ጥብጣቡን ክንድ በክንድ እየለካ መረመረው። ከዚያ ሳጥኑን ከፍቶ ወርቅእጅን ስመ ጥር ያደረጓትን አሮጌ አልጋ ልብሶች አንድ በአንድ ገለበጠ። ሲጨርስ ሰዎቹን ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ሦስት ማዕዘን ሲገጠም» አለ፣ «ከጫፉ በላይ የጣት ጥፍር የምታህል ትርፍ ይተዋል። ቀጣዩ ስፌት ጫፉን ታክኮ ማለፍ አለበት። ጥቂት ዝቅ ካለ ጫፉን ይበላዋል፣ ሦስት ማዕዘኑ ዱልዱም ይሆናል። እዚህ ስልሳ ሁለት አሉ። ሃምሳ አንዱ ዱልዱም ናቸው።»

«ዓይኗን ሞራ ጋርዷት ነበር» አለች ምራቲቱ በቀስታ።

«የመጨረሻዎቹ አሥራ አንዱ ግን መርፌ ናቸው። የታወረ ሰው በስተመጨረሻ አልበራለትም፤ ሌላ ሰው ተቀምጦ ሰፍቷል። ጫማ ሰፊው የሰማው የሟችን ስፌት አይደለም፤ አሥራ አንዱን መስፋት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ እሷ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሞታለች። ያኔ ይህች ልጅ ሥራዋ ላይ ነበረች። አንድ ሰው በፊት በር ሰላም ብሎ ወጣ፣ በጓሮ ተመለሰ፣ በሕይወት ያለች እንድትመስል ሬሳ አጠገብ ቁጭ ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰፋ።»

ሁሉም ወደ ታናሽ እህት ዞሩ።

«እህቴ ናት የሰፋችው» አለች፣ ፊቷ ሳይለወጥ። «ደህና ቀን ይኖራታል።»

«እንግዲያው ደግ» አለ ወስፌ፣ ጥብጣቡን መጠቅለል እየጀመረ። «በሳጥኑ ያሉትም ጫፋቸው እንደዚሁ ሹል ነው፤ እነሱም የእሷ ናቸው ማለት ነው። አሥራ አንዱንም አብረን በወርቅእጅ ስም እንጽፋቸዋለን። የከተማው አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላሉ፣ ሰውም እጇን ያመሰግናል።»

ሴትዮዋ የሚጠቀለለውን ጥብጣብ አየች። ዝም ብትል ልትድን እንደምትችል የገባት ይመስላል። አንድ ቃል ብቻ መዋጥ ነበረባት።

«የእኔ ናቸው» አለች።

ወስፌ መጠቅለሉን አቆመ።

«ሁሉም የእኔ ናቸው። ሠላሳ ዓመት እኔ ስሰፋ እሷ እንግዳ ተቀበለች። ሲያመሰግኗት ሲያመሰግኗት እውነት መሰላት። ይሄኛውን እኔው ራሴ እሰፋዋለሁ ብላ ተቀመጠች። ጨርቁን ስታበላሸው አየሁና ተዪልኝ አልኳት። ‹አንቺ መቀስ ከማቀበል ሌላ ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?› አለችኝ። ካውያው እጄ ላይ ነበር።»

«ስትሰፊ ጫፉን ትንሽ ብትበዪው ማን ያውቅብሽ ነበር?» አለ ወስፌ።

«ሞክሬ ነበር» አለች። «የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ አበላሸሁት። ሁለቴም ተርትሬ አስተካከልኩት።»

ምራቲቱ ልጇን አቅፋ ተነሣች። ማንንም አላመሰገነችም፤ በሩን ከፍታ ወጣች። ፖሊሱ መዝገቡን ዘርግቶ ማስረጃውን መጻፍ ጀመረ፦ ጥብጣብ፣ አንድ፤ ሦስት ማዕዘን፣ ስልሳ ሁለት።

«አይሆንም» አለች ታናሽ እህት፣ እጇን ለካቴናው እየዘረጋች። «አሥራ አንዱን ለብቻ ጻፍልኝ። ከእሷ ጋር አትደባልቅብኝ።»