መዲና በአውራ ጣቷ የፈረመችው ይቅርታ

ከኦምዱርማን በድልድይ ማዶ ዴም በሚባል ሰፈር፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል፣ መዲና ከባሏ ከይማምና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። እዚያው ከተማ ሪያድ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ፣ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ቤት ምን ደረሰ ብላ ትጨነቅ ነበር። ያ ሁሉ ጭንቀት ግን ማንን አዳነላት? አንድ ረፋድ ይማም ትንሿን ልጃቸውን ከውሰርን ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ይዟት ሲሄድ አውቶቡስ ገጫቸው። ይማም እዚያው ሞተ፤ የከውሰር እግር ተሰበረ።

በሦስተኛው ቀን የአውቶቡሱ ሹፌር ዘመዶች ለቅሶ ቤት መጡ። የቀረበላቸውን ውሃ መሬት አስቀመጡት፤ ይቅር ካልተባሉ አይጠጡም። ሹፌሩ ታስሯል፣ እሱም የልጆች አባት ነው። መዲና እያለቀሰች፣ “ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ” አለች። ያኔ ታላቁ ልጇ ጂብሪል በአረብኛ የተጻፈ ወረቀት አወጣ።

“እማ፣ ሹፌሩን ይቅር ማለትሽን ነው የሚለው። ጣትሽን እዚህ አሳርፊ።”

“ሌላ ነገር የለበትም?”

“ምን ይኖርበታል? እኔ አይደለሁ እንዴ ያነበብኩልሽ።”

ልጇ ነውና አመነችው፤ ጣቷን አሳረፈች።

ጂብሪል የጠበቃ ኦመር አስተርጓሚ ነበር። በጠበቃ ማዕረግ ኡስታዝ የሚባለው ኦመር የሚከራከረው ለመድን ድርጅቶች፣ አውቶቡሱ መድን ለገባበትም ድርጅት ነው፤ ሥራው ድርጅቱን ካሣ ከመክፈል የሚያድን መስመር መፈለግ፣ ከሌለም ማስጻፍ ነው። የዚያ ወረቀት የመጨረሻ መስመር፣ “ለራሴም ለልጄም ከመድን ድርጅቱ ምንም አልጠይቅም” ይላል። ጠበቃው ለጂብሪል የመኖሪያ ፈቃድ ሊያስጨርስለት ቃል ገብቶለታል። ያን ሰሞን ደግሞ የእህቱ እግር በጄሶ ይድናል ተብሎ ነበር... ቁስሉ እንደሚያመረቅዝ ማን አወቀ?

ከወር በኋላ ሐኪሙ፣ በቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት እግሯ ይቆረጣል አለ። መዲና ካሣ ልትጠይቅ ፍርድ ቤት ስትሄድ ነው ያንን መስመር የሰማችው። ቤት ገብታ ልጇን አየችው። እሱ ቀና ብሎ አላያትም።

ምስክርነት በምትሰጥበት ቀን ሰልፍ ነበር። አሮጌው መንግሥት ከወደቀም ወዲህ ሰልፉ አልቆመም። ድልድዮቹ ተዘግተው የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ከኦምዱርማን መሻገር አቃተው። ኡስታዝ ኦመር ብድግ አለና ዳኛውን፣ “መውላና፣ የገዛ ልጇ እዚህ አለ፤ እሱ ያስተርጉም” አላቸው። ዳኛው ትስማማ እንደሆን መዲናን ጠየቋት። ቀጠሮው ቢተላለፍ የከውሰር እግር ይጠብቃል? እሺ አለች።

“ያ ሃጃ፣ ጣትሽን ከማሳረፍሽ በፊት ወረቀቱ ሙሉውን ተነቦልሻል?” ሲሉ ዳኛው እንደ ትልቅ ሴት አክብረው ጠየቋት።

ጂብሪል ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለሰው። አልተነበበልኝም ብትል ልጇ በማታለል ይታሰራል፣ ከዚያም ከአገር ይባረራል። ተነቦልኛል ብትል ከውሰር እግሯን ታጣለች። እናት በየትኛው ልጇ ላይ ትፍረድ?

“ሙሉውን አንብቦልኛል” አለች። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “እንዲህ በላቸው ልጄ። እሷ ያለ እግር ትኖራለች። አንተ እዚያ ከገባህ መውጣትህን እንጃ” አለችው።

ጂብሪል ወደ ዳኛው ዞረ። ከዚያ በአረብኛ፣ “መውላና፣ እናቴ አንብቦልኛል ብላለች። ዋሽታለች። እኔን ለማዳን ነው። የመጨረሻውን መስመር ደብቄያታለሁ” አለ።

የመዲና አረብኛ የወጥ ቤት አረብኛ ነው። “ዋሽታለች” የሚለውን ቃል ግን በየሰው ቤቱ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። የሆነው ሁሉ ገባት። ፖሊሱ የልጇን ክንድ ሲይዝ በሌላኛው በኩል እሷ ያዘችው።

“ምነው፣ እኔ ያልኩህን ብቻ ብትናገር?”

“አንድ ቀን እንኳ በትክክል ላስተርጉም ብዬ ነው፣ እማ።”

ወረቀቱ ተሰረዘ፤ ድርጅቱ ከፈለ፤ የከውሰር እግር ዳነ። ጂብሪል ግን ወራት ታስሮ በመተማ በኩል እንዲባረር ተፈረደበት። ሊወስዱት ባሉበት ጠዋት መዲና ከውሰርን ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ቆመች። መኪናው ሲወጣ የልጅቷን እጅ ለቀቀችና፣ “ሂጂ፣ ይይሽ” አለቻት። ከውሰር እያነከሰች ወደ መኪናው ተራመደች። ጂብሪል ግንባሩን በመኪናው መስኮት ሽቦ ላይ አስደግፎ እያንዳንዱን እርምጃዋን በዓይኑ ተከተለ።

ዕጣ ለአንዳንድ እናት የምትሸኘውንና የምትደግፈውን ልጅ በአንድ ጠዋት ትሰጣታለች። መዲና ወደ የትኛው ትሩጥ? መኪናው ታጠፈ። ከውሰር መሃል መንገድ ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ ከኋላዋ ሌላ መኪና እየመጣ ነው። መዲና ወደ እሷ ሮጠች።