ማፊን የምትቆምበት እሁድ

ኤዶም ሁለት እጆቿን በማፊን ጀርባ ላይ አሳርፋ ክብደቷን ጣለችባት። ማፊን አጉረምርማ ከሥሯ ሹልክ አለችና ወደ ምግብ ገንዳዋ ሄደች። ገና ነው ማለት ነው። ኤዶም ጭቃ የያዘው ቦት ጫማዋን እየጎተተች ከበረቱ ወጣች። ዓርብ ጠዋት ነው፤ ትምህርት ቤት እንኳ ሳትገባ ሰውነቷ ዝሏል።

ማፊን አሳማ ናት፤ ቀይ ጸጉር ያላት፣ ወልዳ የማታውቅ ወጣት አሳማ። የምትኖረው ኤድመንተን ውስጥ ከቦዩ ዳር ባለች ትንሽ የከተማ እርሻ ነው። ኤዶም ስታድግ የእንስሳት ሐኪም መሆን ትፈልጋለችና ከመስከረም ጀምሮ በፈቃደኝነት ጠዋት ጠዋት እየመጣች ትመግባታለች። ጀርባዋን መጫን ያስተማራት የእርሻው ኃላፊ ቤንጃሚን ነው። ሴት አሳማ በየሦስት ሳምንቱ ወንድ የምትፈልግበት ቀን እንዳላት፣ ያን ቀን ሲጫኗት ጆሮዋን አቁማ ቀጥ ብላ እንደምትቆም ነግሯታል። ማፊን ከቆመች ኤዶም ትደውላለች፤ እሱ ደግሞ ወንዱን ከከተማ ውጪ ጭኖ ያመጣል።

ችግሩ የሦስት ሳምንቱ ቀጠሮ ዞሮ ዞሮ እሁድ ላይ መውደቁ ነው። እሁድ ቤንጃሚን አይገባም። ተተኪዋ ሴትዮ ምግቡን ደፍታ ትሄዳለች። ኤዶም ከእናቷ ጋር ቅዳሴ ላይ ናት። ሁለት ጊዜ ሰኞ ጠዋት ስትደርስ የማፊን ቀን አልፎ ጠብቋታል። ዛሬ ቤንጃሚን ዓይኗን ሳያይ ቁርጡን ነገራት፤ በዚህ እሁድም ካለፈ ማፊን ወደ ሥጋ ትሄዳለች፤ እርሻው የማትወልድ አሳማ የሚቀልብበት አቅም የለውም።

አንድ እሁድ መቅረት ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። የኤዶም እናት አልታየሽ ግን እንኳን ለአሳማ ብሎ ከቅዳሴ መቅረት፣ ስሙ ገበታ ላይ ሲነሳም ምግቡ አይወርድላትም። ደግሞም እሷ የምታውቀው ልጇ ጊደር እንደምትቀልብ ነው።

ኤዶም ልትዋሽ አስባ አይደለም። ከእርሻው በተመለሰች በመጀመሪያው ቀን እናቷ ምን ዓይነት እንስሳ እንደሰጧት ጠየቀቻት። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለች አሳማ ጊልት ትባላለች። በአማርኛስ? ያልወለደች ሴት… ኤዶም ስትፈልግ አንድ ቃል ብቻ አፏ ላይ መጣ፤ «ጊደር» አለች። የእናቷ ፊት በራ። ያኔ ተሳሳትኩ ማለት ነበረባት፤ ያን ፊት ማጨለም ግን አላስቻላትም። ከዚያ ወዲህ አልታየሽ ከምትሠራበት መጋዘን የሌሊት ሺፍት ቤት በገባች ቁጥር፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ጊደሯ እንዴት አደረች?» ትላለች። ለማኅበሯ ሴቶችም አንድ ሳይቀር አውርታላቸዋለች።

ዓርብ ማታ አልታየሽ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ያበጠ እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ ነበር። ኤዶም አጠገቧ ተቀምጣ የእውነቱን ግማሽ ነገረቻት።

«እሁድ ጠዋት እኔ ከሌለሁ ቀኗ ያልፋል። ካለፈ ያርዷታል። ሲሪየስ ነኝ፣ እማ።»

አልታየሽ ቀና አለች። «ድራት መጥቶባት ነው?»

ኤዶም ራሷን ነቀነቀች። እናቷ ሁሉም ነገር ወዲያው ገባት። የኤዶም አያት ጎጃም ሳሉ ጊደራቸው ኮርማ የፈለገች ዕለት ከገዛ ወንድማቸው ሠርግ እንዴት እንደቀሩ እየሳቀች አወራችላት። ኤዶም እናቷ እንዲህ ስትስቅ ካየች ቆይታለች።

«ለአንድ እሁድ እግዚአብሔር አይቀየመንም» አለች አልታየሽ። «እኔም አብሬሽ እመጣለሁ። ከብት ከነካሁ ስንት ዘመኔ።»

ቅዳሜን ኤዶም ሰበብ ስትፈልግ ዋለች። ቀኑ ተቀይሯል ብትል ቅዳሴ መሄዷ አይቀርም፤ ማፊን ትታረዳለች። እናቷን አታሎ ማስቀረትም እንደማይቻል ታውቃለች፤ ደግሞ ሌላ ውሸት የምትሸከምበት ጉልበት አልነበራትም።

እሁድ ጠዋት አልታየሽ ከሺፍት ወጥታ ቀጥታ ባስ ፌርማታው ላይ ጠበቀቻት። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ ነጠላዋን ግን ለብሳለች። ኤዶም አጠገቧ ስትቀመጥ ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አውጥታ አሳየቻት። ጨው ነው።

«ጊደር ጨው ስትልስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከእጅሽ አትለይም።»

ኤዶም ጨዉን አየችው። አሳማን ከመጠን ያለፈ ጨው እንደሚገድላት ቤንጃሚን ገና በመጀመሪያው ሳምንት አስጠንቅቋታል።

«ጨው አይሰጣትም፣ እማ። ይገድላታል።»

«ጨው የሚገድላት ጊደር አይቼ አላውቅም።»

«ጊደር አይደለችም። አሳማ ናት።» ኤዶም ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። «መጀመሪያ ቃሉ ጠፍቶኝ ነው። ያልወለደች አሳማ በአማርኛ ምን እንደምትባል አላውቅም። ኋላ ግን ደስ ሲልሽ አየሁና ዝም አልኩ። ለአሳማ ብለሽ ከቅዳሴ እንድትቀሪ ግን አልፈልግም።»

አልታየሽ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ሶፍቱን ቀስ ብላ መልሳ ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከመንገዱ ማዶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ባስ ሲመጣ ነጠላዋን አስተካክላ ተሻገረች። ዞር ብላ አላየችም።

ኤዶም ወደ እርሻው ብቻዋን ሄደች። ባሱ ውስጥ ትንሽ አለቀሰች። በረቱ ስትገባ ማፊን ምግቡን ትታ መጣችና አሸተተቻት። ኤዶም እጆቿን ጀርባዋ ላይ አሳርፋ ተጫነቻት። ማፊን ንቅንቅ አላለችም። ጆሮዎቿ ቀጥ አሉ። ኤዶም ጨርሳ ተደገፈችባት፤ እንደዚያም ሆኖ ቆመች።

ለቤንጃሚን ደወለች፤ ወንዱን ይዞ እንደሚመጣ ነገራት። አሳማዋ ስለተረፈች ደስ ብሏታል፤ የእናቷ ነገር ግን ከሐሳቧ አልወጣም። ስልኩን ኪሷ ልትከት ስትል ንዝረት ተሰማት። መልእክቱ ከአልታየሽ ነው። አልታየሽ ገና የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር ላይ ስልኳን የምታጠፋ፣ ቅዳሴ ሳያልቅ ነክታው የማታውቅ ሴት ናት።

«ቆመች?» ይላል።

ኤዶም እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። «ጊደሯ ቆመች» ብላ ጻፈች፤ ጣቷ ለምዶባት ነው። ጥቂት አየችውና አጠፋችው።

«አሳማዋ ቆመች፣ እማ» ብላ ላከችላት።