የአርባ ዘጠኝ ምስክርነት

ፉርቃን ሞቶ ሲገኝ ኮምፒውተሩ «ቁጥር አስገባ» ብሎ እየጠበቀ ነበር።

ቦታው ከሲኒማ ራስ ጀርባ፣ ከባህረዲን ጨርቅ መደብር በላይ ያለ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ነው። አስተማሪው ከኋላ በብረት ተመትቷል። ኢንስፔክተር ሰገነት በማግስቱ ስትደርስ ማሽኑ አሁንም በርቶ ነበር።

«ሠራተኞቼ ፎቁን ፈርተዋል» አለ ባህረዲን። «የኮምፒውተሩ ቁልፎች ብቻቸውን ሲመቱ ሰማን ይላሉ።»

«ሙት አይጽፍም፣ ጋሼ ባህረዲን።»

ስክሪኑ ላይ «ሲ» በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ አጭር ፕሮግራም አለ፤ አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን፣ ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር ለሌላ አለመካፈሉን ይለያል። የተቀመጠው ትናንት በአሥር ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። ተማሪዋ ሐጀራ ደግሞ ልክ በአሥር ሰዓት ገብታ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ እየጮኸች ወርዳለች። ፉርቃን እሷ ከገባች በኋላ የሞተ ስለመሰላቸው ፖሊሶቹ ሊወስዷት ደረጃው ላይ ቆመዋል።

«ስገባ ወድቆ ነበር» አለች። «እጁን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል። ከዚያ መነሣት አቃተኝ።»

ሁለተኛው አስተማሪ ሙናዊር ተረጋግቶ መለሰ። «ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ ታች ጋሼ ባህረዲን ጋ ነበርኩ። ስወርድ ይሄንኑ ፕሮግራም እየጻፈ ነበር። አላህ ይዘንለት።»

ሰገነት የእጅ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ዞረች። የፉርቃን ማሽን ሰዓት በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ የሌሎቹ ትክክል ነው። የፉርቃንንና የሙናዊርን ተማሪዎች ደብተር አስመጣች።

እኩለ ቀን ላይ ሦስቱን ሰበሰበቻቸው።

«ሐጀራ፣ ብቸኛ ቁጥርን እንዴት ትለያላችሁ?»

«ከሁለት ጀምረን እናካፍላለን። አካፋዩ በራሱ ተባዝቶ ከቁጥሩ እስኪበልጥ እንቀጥላለን፤ እኩል ሲሆንም እንሞክራለን። ቲቸር አርባ ዘጠኝን ሳያስገባ ከወንበሩ አይነሣም።»

ሰገነት አርባ ዘጠኝን አስገባች። ማሽኑ መለሰ፦ ብቸኛ ነው።

«ሰባት ጊዜ ሰባት እኮ ነው» አለች ሐጀራ በቀስታ። «ይሄን ቲቸር አልጻፈውም።»

«አልጻፈውም። ‹ያንሳል› የሚለው ምልክት አለ፤ ‹እኩል ነው› የሚለው ቀርቷል። የፉርቃን ተማሪዎች ደብተር ላይ ሁለቱም አሉ። የአንተ ተማሪዎች ግን፣ ሙናዊር፣ ሁሉም ይህችኑ ስሕተት ከሰሌዳህ ገልብጠዋል። የማሽኑን ሰዓት ወደፊት ገፍተህ በዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ጻፍከው፤ ሰው ታች ሲያይህ ፉርቃን በሕይወት እንዲመስል። ይህች ልጅ በዚያው ሰዓት ትመጣለች ብለህ አላሰብክም። ከፉርቃን መሳቢያ ያገኘሁት ደብዳቤ ደግሞ ከኮሌጅ ነው፤ ዲፕሎማህን አናውቀውም ይላል።»

ሙናዊር ስክሪኑን እያየ መለሰ።

«ለተማሪዎቹ አነብበዋለሁ አለኝ። ለመንኩት። ፊቱን አዞረብኝ።»

«ሱቄ ቁጭ ብለህ ሚሪንዳ ጠጣህ» አለ ባህረዲን።

ፖሊሶቹ ሙናዊርን ይዘው ወረዱ። ሰገነት ፕሮግራሙን ፍሎፒ ዲስክ ላይ ገልብጣ ኪሷ ከተተች።

«ላስተካክለው?» አለች ሐጀራ።

«አስተካክዪው።»

የፉርቃን ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። ቆማ አንዲት ምልክት ጨመረችና አርባ ዘጠኝን አስገባች።

ብቸኛ አይደለም፣ አለ ማሽኑ። ከዚያም፣ ጌታው እንዳልሞተበት ሁሉ፣ ሌላ ቁጥር ጠየቀ።