ያልተደገሙት ቃላት

ሟቹ በማድ ቤቱ ወለል ላይ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ሥር፣ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። በገንዳው የብረት ጠርዝ ላይ ትንሽ ደም ደርቋል። አንድ በርጩማ በጎኑ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ታብሌት፣ የተቀረጸ እርሳስና የተከደነ ደብተር አለ።

መርማሪው ኮፍያውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆመ። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ቀርቶታል። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ማታ ቤቱ ሲገባ «መጣህ?» የሚለው የለም። ባልደረቦቹ በሌለበት «ቆይ» ይሉታል። ሰው ሁሉ አለቀ ሲል እሱ «ቆይ» ስለሚል ነው።

«ይሄማ አለቀ፣ ጌታዬ» አለ አሥር አለቃው። «ሐኪሙ ደረቱ ላይ የሁለት መዳፍ ሰንበር አይቷል፤ ተገፍቶ ነው የወደቀው። ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ሞቷል ይላል። ወንድሙ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ከቪዲዮ እንግሊዝኛ ሲማር ጎረቤቷ ሰምታለች። ሦስት ተኩል ላይ የእንጀራ ልጁ በራሷ ቁልፍ ገባች። ጣቢያ ነች፤ ማምሻውን ክሱን እንጽፋለን።»

«ቆይ» አለ መርማሪው።

ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ደረቅ ዳቦ፣ ሻይ ቅጠል፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ። ምድጃው ከተለኮሰ ሰንብቷል። መደርደሪያው ላይ ግን አሥራ አንድ ደብተሮች ተደርድረዋል። አንዱን ገለጠ። በየገጹ አናት ላይ ቀን ተጽፏል። ከሥሩ በአማርኛ ፊደል የተጻፉ የእንግሊዝኛ ቃላት አሉ፤ በእያንዳንዱ ቃል ጎን ትንሽ ሥዕል፣ ከሥዕሉ ቀጥሎ ሦስት ጭረት። «ፒል» ከሚለው ጎን ቢላዋና ድንች ተሥሏል። ድንቹ ከነዓይኑ ነው። የመጨረሻው ገጽ የትናንት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት በዕድሜ የገፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ክፍላቸውን ከሟቹ ማድ ቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው።

«ያውቁት ነበር፣ እትዬ?»

«በድምፁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ‹እንደምን አደሩ› ነው፤ ከዚያ አላለፍንም።»

«ጠዋት ጠዋት ምን ይሰሙ ነበር?»

«ትምህርቱን ነዋ! የቪዲዮው ወጥ ሠሪ እየከተፈ በእንግሊዝኛ ያወራል። አንዲት ቃል ሲል ጎረቤቴ ያስቆመውና ሦስት ጊዜ ይላታል። እኔም ከዚህ ማዶ ሦስት ጊዜ እላታለሁ፤ በሹክሹክታ።» አንገታቸውን ደፉ። «ዊስክ፣ ሲመር፣ ግሬት… ሁለት መቶ ያህል አውቃለሁ። ትርጉሙን ግን ከየት አምጥቼ? ሥዕሉ ያለው እሱ ዘንድ ነው።»

«አንኳኩተው ለምን አልጠየቁትም?»

«ምን ብዬ? እርስዎስ የጎረቤትዎን በር አንኳኩተው ያውቃሉ?»

መርማሪው የማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ። «ዛሬስ?» አለ።

«በማለዳ ወንድምየው መጣ። ድምፃቸው ከፍ ከፍ ሲል የሰው ገመና አልሰማም ብዬ የስፌት መኪናዬን ረገጥኩት። ሳቆም ትምህርቱ ተጀምሯል፤ ዛሬማ ጮክ አድርጎ ነው የከፈተው። ወዲያው ወንድምየው ሲወጣ በመስኮት አየሁት።»

«እርስዎም ተማሩ?»

«ምኑን ተማርኩት! ዛሬስ ጥሎኝ ሄደ።»

«ቆይ። ጥሎኝ ሄደ ሲሉ?»

«ያ ወጥ ሠሪ ትንፋሽ የለው፣ ምን የለው! አንዱን ወጥ ሳይጨርስ ሌላው። ‹ምነው ዛሬ፣ ማን አባረረው?› አልኩ በልቤ።»

መርማሪው ይህን ሳይጽፍ ቀረ። አልረሳውም።

ወንድምየው ጸጉር አስተካካይ ነው። መርማሪው ሱቁ ሲገባ ምላጭ ይስል ነበር።

«ልጠይቀው ነበር የሄድኩት» አለ። «ስወጣ ቪዲዮውን ከፍቶ ይማር ነበር። ጎረቤቷን ጠይቋት፤ የዝንብ ክንፍ አያመልጣትም።»

«አብረውት ተቀምጠው አይተው ያውቃሉ?»

«እኔ? ሥራ ያለኝ ሰው ነኝ! እሱ ሠላሳ ዓመት የሆቴል ሳህን አጠበ። ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ‹የጠረግኩትን ፍርፋሪ ስሙን ሳላውቅ አልሞትም› ብሎ ተነሣ። ይሄው፣ ሞተ።»

«ልጅቱስ?»

«የቷ ልጅ? የሚስቱ ልጅ ናት። ባዳ ባዳ ነው፣ ጌታዬ።»

ልጅቱ የልብስ ንጽሕና ቤት ሠራተኛ ነች። በጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ በሙቅ ውኃ የተላጡ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ደብቃለች።

«እናቴ ስትሞት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር» አለች። «‹ሂጂ› አላለኝም። ከዚህ በላይ ምን ልንገርዎ?»

«ቤቱን ሊያወርስሽ ነበር?»

«ዛሬ ከሰዓት ውል ሊፈርም ነበር። ቤቱ የእሱና የአጎቴ አባት የተዉት ነው፤ አጎቴ ሰምቶ ተቆጥቷል። እኔ ‹ተወው› ብዬው ነበር።»

«ስትገቢ ምን አየሽ?»

«ቪዲዮው ይጮሃል። እሱ ወድቋል፣ በርዷል። በታብሌቱ ጎን ያለውን ቁልፍ ተጭኜ አጠፋሁት።»

«መስታወቱን አልነካሽም?»

«አልነካሁም። እሱም በጣቱ ጫፍ አይነካውም ነበር። ሳሙና ጣቱን ልጦት መስታወቱ አይሰማውም፤ በጣቱ አንጓ ነበር የሚያንኳኳው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው እቀመጥ ነበር። ሰፊ ሳህን ላይ ሦስት ቅጠል ሲያስቀምጡ ያይና ‹ይህችን ለመብላት ይህን ሁሉ ዕቃ! አጣቢውን ማን ይዘንለት!› ይላል።»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በሟቹ ማድ ቤት ተሰበሰቡ። ልጅቱ ከአሥር አለቃው አጠገብ ቆማለች፤ እጆቿ በካቴና ታስረዋል። ልብስ ሰፊዋ ከበሩ ሳያልፉ ቆዩ። በዘጠኝ ዓመት ይህን ክፍል ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው።

መርማሪው ቀስ ብሎ ጀመረ።

«አንድ ነገር ሁላችሁም ትናገራላችሁ፦ ሁለት ሰዓት ላይ ሟቹ ይማር ነበር። ማን አየው? ጎረቤቱ ሰሙ እንጂ አላዩም። የሰሙትም ወጥ ሠሪውን እንጂ እሱን አይደለም። እትዬ፣ ዛሬ ቃል ሲደግም ሰሙት?»

ሴትዮዋ ወደ ታብሌቱ አዩ። «አልሰማሁትም» አሉ።

«ይህ ሰው አሥር ደቂቃ የምትሆነውን ቪዲዮ ሙሉ ጠዋት ይማርባት ነበር። ያስቆማል፣ ይደግማል፣ ይሥላል። ታብሌቱን አስፈትሼዋለሁ። በየቀኑ አንድ ቪዲዮ። ዛሬ ግን አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እየተከተለ ዘጠኝ ቪዲዮ አልፏል። የሚያስቆመው ሰው አልነበረም። ደብተሩ አልተገለጠም፣ እርሳሱ እንደተቀረጸ ነው።»

«ቸኩሎ ይሆናላ» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«ቆይ። የመጀመሪያው ቪዲዮ የተከፈተው ለሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ ልጅቱ ሥራ ላይ ነበረች። ሦስት ሰዓት እስኪሆን እንዳልወጣች የንጽሕና ቤቱ መዝገብ ይናገራል። እርስዎ ግን የወጡት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ቪዲዮው ያለ አስቋሚ ሲሮጥ እዚህ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ‹ይማር ነበር› ያሉኝም እርስዎ ነዎት። አንድ ቀን እንኳ አብረውት ቢቀመጡ ኖሮ እንዲህ እንደማይማር ያውቁ ነበር።»

«ይሄ ግምት ነው!»

«የታብሌቱ መስታወት ላይ አንድ ጥርት ያለ የጣት አሻራ አለ። የሟቹ ጣት አሻራ የለውም፤ ሳህን በልቶታል። የልጅቱም አይደለም፤ አስተያይተናል። የእርስዎን ጣት ይስጡኝ።»

ጸጉር አስተካካዩ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ትከሻው ወደቀ።

«ገፋሁት እንጂ… ልገድለው አልነበረም። ያባታችንን ቤት ለባዳ! ገፋሁት፣ ወደቀ።»

«ሲወድቅ ይተነፍስ ነበር?»

ጸጉር አስተካካዩ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቆይ አልቀረም ይላል። ድምፁን ከፍ ያደረጉት ለዚህ ነው፤ ማቃሰቱ ግድግዳውን እንዳያልፍ።»

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ያዙ። «እኔ እኮ እዚያ ማዶ… የቪዲዮውን ሰውዬ እየተከተልኩ ነበር» አሉ።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተሸጋገረ። አሥር አለቃው ጸጉር አስተካካዩን ይዞ ወረደ። ልጅቱ ነጻ ነሽ ተብላም ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«አሁን ማን ይቀብረዋል?» አለች። «አስከሬን የሚሰጠው ለዘመድ ነው አሉኝ። ዘመዱ አጎቴ ብቻ ነበር።»

መርማሪው ከቦርሳው የአስከሬን መረከቢያ ቅጽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። ስሟን ጻፈች። አድራሻዋን ጻፈች። «ከሟች ጋር ያለው ዝምድና» ከሚለው ስትደርስ እጇ ቆመ።

«የእንጀራ ልጅ ብዬ ልጻፍ?»

መርማሪው መነጽሩን አድርጎ ቅጹን አየ።

«ቦታው ጠባብ ነው» አለ። «አሳጥሪው።»

«ልጅ» ብላ ጻፈች።