የልጅቷን ፊት ማን ሸፈነው?

መርማሪዋን ስንት ዓመት ሙሉ ያቃጠላት ነፍሰ ገዳይ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የእናቷን ፎቶ ስክሪኑ ላይ ታደርጋለች፤ ፊደሉን ለደከመ ዓይኗ ታጎላለች፤ ፋይሎቿን ከእናቷ ፊት አርቃ ወደ ቀኝ ትሰበስባለች። እሱ ነካክቶት በሄደ ቁጥር ሁሉም ሰማያዊና ጥቃቅን ሆኖ ይጠብቃታል።

«መመሪያ ነው፣ እትዬ።»

«መመሪያህ እናት የለውም?» ስትለው ይስቃል።

የዚያን ቀንም በዚሁ ስትንጨረጨር ተጠራች። አንድ ማስታወቂያ የሚነድፍ ሰው ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኝቷል። ሻዩ ተመርዟል። ፔርሙዙን ያመጣችለት ሚስቱ ስለሆነች፣ ፖሊሶቹ እሷን በካቴና አስረው ነገሩን ጨርሰውታል።

«ፍርድ ቤት ልናቀርባት ነው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይመረመራል?» አለ አለቃቸው።

«እሳት ይዞሃል እንዴ? ቆይ እንጂ!»

የሟቹ ኮምፒውተር እንደበራ ነው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ትስቃለች፤ ፋይሎቹ እንደ ወታደር ተሰልፈው ዓይኗን ሸፍነውታል።

ሚስቲቱ ስታየው ጮኸች። «ልጄን ማን ሸፈናት? ከሞተችብን ወዲህ ሥራውን ሁሉ ዳር ዳሩን በትኖ ፊቷን አያስነካም ነበር። ሻዩን ሳደርስለት እንኳ ፊቷ ክፍት ነበር!»

መርማሪዋ ይህን ንዴት ታውቀዋለች። የሱቁ ቁልፍ ያላቸውን ጠየቀች፤ ከሚስቲቱ ሌላ ሁለት ናቸው።

ሾፌር የሆነው የሟች ወንድም፣ «መሪ ከሆነ ስጪኝ። ይሄን ነገር ግን ማብራቱንም አላውቅ» አላት።

የሟች የሥራ ሸሪክ ደግሞ፣ «ሰሞኑን ከሱቁ ደጅ አልደረስኩም» እያለ ጠረጴዛው ላይ የተዝረከረኩትን እስክሪብቶዎች በመስመር አስተካከለ።

የሟቹን ኮምፒውተር በመሥሪያ ቤቷ ባለሙያ ካስፈተሸች በኋላ ሦስቱንም እዚያው ሱቅ ሰበሰበችና የራሷን ላፕቶፕ ከፈተች። ፋይሎቹ የተበተኑ ናቸው።

«መሃል ያለውን ፋይል አጥፉልኝ፤ በየተራ።»

ወንድምየው ሲደናበር ቆይቶ ተወው። ሚስቲቱ አጥፍታ ተነሣች። ሸሪኩ አጠፋና፣ ማንም ሳይለው የቀሩትን ደረደራቸው።

«ደርድር ማን አለህ?»

«ልማድ ነው። ክፍተት ሳይ ያሳክከኛል።»

«የሟቹ ኮምፒውተር ላይም አሳከከህ። ሻዩን መርዘህ፣ ሰውዬው ሲደፋ ፋይሎቹን አጠፋህ፤ ባዶ ቦታው እንዳያሳብቅብህ የቀሩትን ደረደርክ። ወንድምየው ማጥፋት እንኳ አይችልም። እናት ደግሞ የሞተች ልጇን ዓይን አትሸፍንም። ያጠፋሃቸውን የእኛ ባለሙያ መልሷቸዋል። የሟች ንድፎች ናቸው፤ በስምህ የሸጥካቸው። ሊያጋልጥህ ነበር፣ አይደል?»

ሸሪኩ ላቡን ጠረገ። «ልጅቷን... ልብ አላልኳትም» አመለጠው።

ካቴናው ከሚስቲቱ እጅ ወደ እሱ እጅ ዞረ። እሷ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከልጇ ፊት ላይ አነሣች።

መርማሪዋ ቢሮዋ ስትመለስ ስክሪኗ ሰማያዊ ነው። ባለሙያውን አስጠራችው፤ ሲገባ በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ጡቷ ሥር ወሸቀች።

«እትዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«የሟቹን መልሰህ የለ? የእኔንም መልስ። እስክትጨርስ መውጣት የለም።»

እያጉረመረመ ተቀመጠ። እሷ ወንበር ስባ አጠገቡ ተደላደለች።

«ያኛውን ወደ ቀኝ ግፋው። አሁንም፤ የእናቴን ሻሽ ነክተሃል።»